አንቱታ

ኮዬ ፈጬ ዳር ነው ቤታችን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤
ከመስኮቱ ማዶ ስንዴ፣ ከስንዴው ማዶ ሰማይ።
ሁለት መኝታ ነው፤ አንዱ የእኔና የትርሲት፣
አንዱን በመጋረጃ ከፈልነው፤ ግማሹ ለወንድ፣ ግማሹ ለሴት።

ሶልያና የእሷ ልጅ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤
ያፌት የእኔ፤ በሰባት ወር ያንሳል፣ በስንዝር ይበልጣታል።
ታላቁ ማን እንደሆነ ዛሬም አልተወሰነም፤
ጀሪካን የመሸከም ተራ ሲደርስ ግን ታላቅ የሚባል የለም።

"የእንጀራ አባት" ይሉኛል። እሺ፤ እንጀራውስ ከሱቅ ይመጣል፤
ሁለተኛው ቃል ግን የት አለ? በስንት ብርስ ይሸጣል?

እሷ እንኳ እንደዚያ አትልም። "እርስዎ" ነው የምትለኝ፤
መታወቂያ ልታሳድስ ቀበሌ የገባች ይመስል፣ ቆማ ነው የምታነጋግረኝ።
"ራትዎ ቀርቧል።" "ስልክዎ ጠራ።" "ሲወጡ መብራቱን ያጥፉት።"
ጎረቤት "ምን ያለች ጨዋ!" ይላል፤ እኔ ነኝ የማውቃት፤
ያቺ "ዎ" መቀርቀሪያ ናት፣ ከውስጥ የተቀረቀረች፤
ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን በአክብሮት ከደጅ ያስቀረች።

ያፌት ለእናቷ "አንቺ" ያለው በሁለተኛው ሳምንት ነው።
ለእሱ ቀላል ነበር፤ የራሱን እናት የሚያውቃት በፎቶ ነው።
ሶልያና ግን አባት አላት፤ ከሐዋሳ በበዓል በበዓል ይደውላል፤
ያኔ በረንዳ ትወጣለች፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ይላላል፤
"አንተ ደግሞ!" ትለዋለች፣ ትስቃለች።
እኔ የቆጣሪውን ካርድ አገላብጣለሁ፤
ስንት ብር እንደቀረው ለማየት።

ጎሚስታ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር፣ ሲኖትራኮቹ ከሚቆሙበት።
ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው የት እንደሆነ በዓይን አይታይም፤
ከመነዳሪውን ነፍተህ ውኃ ውስጥ ትደፍቀዋለህ፣ አትቸኩልም፤
አረፋዋን ትጠብቃለህ።
ቤቴ የት ጋ እንደሚተነፍስ ግን የምደፍቅበት ገንዳ አጣሁ።

ሐሙስ ማታ ዝናብ ነበር። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣችም።
ሁለት ከሩብ። ስልኳ ዝግ ነው፤ ትርሲት መደወሉን አላቆመችም።
ጃኬቴን ይዤ ወረድኩ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ታክሲ ተራው ጋ አየኋት፤ አንድ ልጅ ዣንጥላ ይዞላት።
ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ድምፄ ከልኩ በላይ ወጣ፤
ወረፋው ሁሉ ዞረ፤ ልጁም ከነዣንጥላው ታጣ።
ሶልያና ዝናቡን ከግንባሯ ጠርጋ፣ ቀና ብላ፣
"አንተ ምን አገባህ?!" አለች። "አንተ እኮ አባቴ አይደለህም!"

ወረፋው የሰማው መጨረሻውን ነው፤ ከንፈር የመጠጠልኝም አለ።
እኔ መጀመሪያዋን ቃል ይዤ ቀረሁ።
አንተ።
ያን ሁሉ ጊዜ ገንዳ ስፈልግ፣
ለካ ዝናብም ገንዳ ይሆናል፤
አረፋዋ ብቅ አለች።

ስንመለስ አልተነጋገርንም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ጃኬቱ አሁንም በእጄ፤ ሁለታችንም በስብሰን።
ከማሳው ማዶ ጅብ ጮኸ። እርምጃዋን አሳጠረች፤
የምትጠብቀኝ እንዳይመስል የጫማዋን ክር አሰረች።

ትርሲት ልትቆጣ ነበር፤ በዓይኔ ስለምናት ተወቻት።
ያፌት ምንም ሳይል በመጋረጃው አናት ፎጣ ወረወረላት።

በማግስቱ ማታ ገባሁ፤ እጄ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል።
ከማድ ቤት ድምጿ መጣ፤
"ራት ቀርቧል።"
ቆምኩ። "ዎ"ን ጠበቅኩ፣ እንደለመድኩት። አልመጣችም።
"አንተ"ም አልተባለ፣ "እርስዎ"ም አልተባለ፤
ራት ብቻ።

ቃሏን ሳታርም ቶሎ ብዬ፣
እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ ሄጄ ተቀመጥኩ።